የሊቀመንበሩ ራስ ልክ

"ልክ" የምትባለውን ቃል አስባችሁባት ታውቃላችሁ? እኔ ሥራ ስፈታ የማስበው እሷን ነው። ጫማ ልክ ይሆናል፣ ቀሚስ ልክ ይሆናል፣ ወሬ እውነት ሲሆን "ልክ ነው" ይባላል። ሰው የተናደደ እንደሆነ ደግሞ "ልኩን አሳየዋለሁ!" ይላል፤ ያን ጊዜ ሜትር ይዞ ሊለካው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት ሚጢጢ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክማ ስትዞር አንጀቴን ትበላኛለች። በደርግ ዘመንማ ጭራሽ ጀርባዋ ጎበጠ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ልክ የሚገባ ሰው አይታጣም ነበር። አድኃሪው ልክ ይገባል፣ አሻጥረኛው ልክ ይገባል፣ አርፍዶ የመጣው ልክ ይገባል። እኛም እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበን፣ ልክ ሳንገባ የወጣንበትን ቀን አመስግነን ወደየቤታችን እንገባለን።

እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ባርኔጣ ልክ ነው። አዎ፣ ራስ ላይ ስለሚደፋው። ባርኔጣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠብ ልታስተምረን ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ፤ እሱንም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ደሴ መውጫው ላይ ስኖር ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቶቼ ጋሼ ይማምና ሚስታቸው እቴ ዘሐራ ነበሩ። እኔ የማርያም፣ እነሱ የነቢ። ታዲያ አገሩ ወሎ ነውና ከሥጋ ድስታችን በቀር የተለየ ነገር አልነበረንም። ጋሼ ይማም እህል ነጋዴ ነበሩ። "ነበሩ" የምለው፣ እህሉን መንግሥት ሲረከበው ለሳቸው የቀረው ነጋዴ የሚለው ስምና አንድ ባርኔጣ ስለሆነ ነው። ባርኔጣው ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ሰፊ፣ በደህናው ጊዜ ደሴ ከዓረብ ሱቅ የገዙት ነው። ከሥር ነጭ ቆባቸውን ያጠልቃሉ፣ ከላይ እሱን ይደፋሉ፤ ለሠርግም ለለቅሶም ያው ነው። በመንገድ ሲመጡ መጀመሪያ የሚታየው ባርኔጣው ነው፤ ሰውዬው ቆየት ብለው ይደርሳሉ።

ያላቸው ልጅ አንድ ሰይድ ብቻ ነው። ጎፈሬው እንደ ጎጆ ክዳን የተንዠረገገ፣ ሳቂታ፣ ሥራ ሲያዩት የሚያዛጋው፣ እናቱን ግን እጇን ይዞ ገበያ የሚያደርስ ልጅ ነበር። ጫማውን ሊያስጠግን እንደወጣ ከገበያ አፈሱት። ብሔራዊ ውትድርና ነው። አፈሳ የሚባለውን ያላየ ሰው ካለ፣ ዶሮ እንዴት እንደሚያዝ ያስብ፤ ጩኸቱ ብቻ የሰው ነው። ከወረዳው ግቢ አስገብተው ዘጉባቸው። ምግብ በዘበኛ ማቀበል ይቻላል፣ ልጅን ማየት አይቻልም።

ከዚያ ደግሞ ወሬ መጣ። ነገ ጧት በጭነት መኪና ወደ ደሴ ይወሰዳሉ፣ ከዚያም ወደ ማሠልጠኛ። ወላጅ መንገድ ዳር ቆሞ መሸኘት ይችላል ተባለ። "ይችላል" ሲባል ሁላችንም ደስ ያለን መሰለን፣ አያችሁ የዚያን ዘመን ነገር።

እቴ ዘሐራ ግን ወሬውን ስትሰማ መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ነበር። ቅርብ ያለውን በእጇ፣ ሩቅ ያለውን በጆሮዋ ነበር የምታየው። ነጭ ነገር ብቻ ከራቀም ትለያለች። መኪና ሙሉ ልጅ ተጭኖ እየከነፈ ሲያልፍ የሷን ልጅ ከየት አባቷ ለይታ ልታየው?

"የሺዬ፣ ልጄ ሳላየው ሊሄድብኝ ነው" አለችኝ። "አላህ ቢመልሰው መለሰው፤ ባይመልሰውስ? ሳላየው?"

"አብሽሪ እቴ፣ እኔ አይልሻለሁ" አልኳት። ለካስ ሰው ለሰው ውኃ ይቀዳለታል እንጂ አያይለትም። በነገሬ እሷ ይባስ ብላ አለቀሰች።

ጋሼ ይማም ከበሩ ሥር ቁጭ ብለው ነበር። ዝም ያሉ ሰው ናቸው፤ ደስ ሲላቸውም ሲከፋቸውም ጉሮሯቸውን ነው የሚጠርጉት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ዘሐራ፣ ይሄን ታይዋለሽ?"

"እሱንማ መንገድ ማዶም ቢሆን አየዋለሁ።"

"እንግዲያው ይሄን አድርጎ ይሂድ። ባርኔጣውን ስታይ ልጅሽን አየሽ ማለት ነው።"

እኔ ያን ጊዜ ተነሥቼ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ይህን የመሰለ ነገር ከዚያ ዝምታ ውስጥ ይወጣል ብሎ ማን ጠረጠረ! ግን ወዲያው ችግር ተፈጠረ። ጋሼ ይማም ራሳቸው ትልቅ ነው፤ በዚያ ላይ ባርኔጣው የተገዛው ከነቆቡ ተለክቶ ነው። ሰይድ አንድ ቀን ለቀልድ ቢያደርገው ዓይኑን ሸፍኖት ከደጁ ግንድ ጋር ተላትሟል። በክፍት መኪና፣ በዚያ ሽው ባለ የቁልቁለት ነፋስ፣ ገና እንደተነሡ ወስዶ ከሐይቁ ይጥለዋል። ገመድ አበጅተን አገጩ ሥር ብናስረውስ ብል፣ ጋሼ ይማም "ልጄ በቅሎ ነው እንዴ የምትለጉሚው?" ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ መጥበብ አለበት። ለማጥበብ ደግሞ የሰይድን ራስ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ራሱ ያለው ከአጥሩ ወዲያ ነው።

"ልኩን እጄ ያውቀዋል" አለች እቴ ዘሐራ። "ያጠብኩት ራስ አይደለም? እሱን የሚያህል ራስ ብቻ አምጡልኝ።"

በዚያ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የወጣት ራስ ከስኳር ይብስ ጠፍቶ ነበር። ያልታፈሰው ኮርኒስ ላይ ወጥቷል፣ ኮርኒስ የሌለው አርዲቦ ዘመድ ቤት ሸሽቷል፣ ዘመድ የሌለው አምባሰል ገደል ገብቷል። የቀረውን ራስ ግን እቴ ዘሐራ አንድ በአንድ ዳበሰችው። ከባሌ ጀመረች። ባሌ ዓሣ አስጋሪ ነው፣ ከሐይቁ መጥቶ እግሩን ሲታጠብ ከኋላው ደርሳ ራሱን በሁለት እጇ ያዘችና "ይሄማ የሽማግሌ ነው፣ መሐሉ ባዶ ነው" ብላ ለቀቀችው። ሳምንት አኮረፈ። ማዶ ያሉት መምህር ሾጠጥ ያለ ራስ ነው ያላቸው፣ አልሆኑም። ባለ ወፍጮውም አልሆነ። እንዲህ ስትንከራተት ቆይታ፣ በመጨረሻ መንገድ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች።

"ሊቀመንበሩ!" አለች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የሰፈር ልጅ ነው። ከሰይድ ጋር አብረው ሐይቁ ውስጥ ተንቦጫርቀው ያደጉ፣ እናቱ ስለሞተችበት ግማሹን ልጅነቱን እቴ ዘሐራ ቤት የበላ። ሁለቱን እኩል አስቀምጣ ነበር ራሳቸውን የምታጥባቸው። ራሳቸውም አንድ ነበር፣ ጎፈሬያቸውም አንድ ነበር። አሁን አንዱ ታፋሽ፣ አንዱ አፋሽ ሆነዋል።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ነገሩን ያበላሸችው ያቺ የነገርኳችሁ ቃል ናት። እቴ ዘሐራ በኅብረት ሱቁ በር የጨው ሰልፍ ላይ ላገኘቻት ጎረቤት፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ "የሊቀመንበሩን ልክ ዛሬ ሳይመሽ ማግኘት አለብኝ!" አለቻት። ሰልፉ ሁሉ ወደሷ ዞረ። እኔ ኋላዋ ነበርኩ፣ ጭንቅላቴ ላይ ውኃ የተደፋብኝ መሰለኝ። ጨው ሊገዛ የመጣ ሕዝብ ወሬ ይዞ ሄደ። ሱቁ በር ላይ "ልኩን ማግኘት አለብኝ" የነበረው፣ መስጊዱ ጋ "ልኩን ልታሳየው ነው" ሆነ። ቀበሌው በር ሲደርስማ፣ "ልጇን በወሰደባት ዛሬ ልክ ልኩን ሳትሰጠው አታድርም፣ ባርኔጣ ውስጥ የደበቀችው ነገር አለ" ሆኖ ነበር የገባው።

ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ያነገቡ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። "ሊቀመንበሩ ይፈልግሻል" አሉ።

"እሰይ! እኔስ እንዴት እገባለሁ እያልኩ ስጨነቅ!" ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ጠባቂዎቹ ተያዩ። ልታሰር ነው ብሎ ያልፈራ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅማ። እኔም መርፌና ክር ይዤ ተከተልኩ፤ ለምን መርፌ እንደያዝኩ አትጠይቁኝ፣ ደንግጬ ነው።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። ያችን አረንጓዴ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቧታል። ቆብ ሳይሆን ሥልጣን ነበረች፣ ሲበላም አያወልቃትም ይባላል።

"እማ ዘሐራ፣ ልኬን ልታሳይኝ ነው አሉ" አለ። እየሳቀ አልነበረም።

"ኧረ በነቢ! አንተን ምን አድርጌህ? የራስህን ልክ ነው ያልኩት፣ ለባርኔጣው!" አለችና ሁሉንም ዘረገፈችለት። ዓይኗን፣ መኪናውን፣ ነፋሱን፣ ባርኔጣውን፣ የባሌን ባዶ ራስ ሳይቀር። ጠባቂዎቹ ሊስቁ ፈልገው ሳቁን የሚፈቅድላቸው ስላጡ መሬት መሬት ያያሉ።

"በል አሁን ቆብህን አውልቅ" አለችው።

በዚያች ከተማ ለዚያ ሰው እንዲህ ብላ የምታዝዝ ሌላ ሰው አልነበረችም። አወለቀ። ጎፈሬው ከሥሩ ዘርፈፍ ብሎ ወጣ፤ ያለ ቆቡ ልጅ ነበር፣ እመብርሃንን፣ ትናንት ሐይቅ ዳር ጭቃ ሲያቦካ የነበረው ልጅ። እቴ ዘሐራ ጠረጴዛውን ዞራ ራሱን በሁለት እጇ ያዘችው። በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ግንባሩን፣ ከጆሮው በላይ፣ ማጅራቱን። ቆየች። ልክ ከመውሰድ በላይ ቆየች።

"ይኸው። የልጄ ራስ ነው" አለችና ዓይኗ ፈሰሰ። "ልጄ፣ ወንድምህ አይደለም? ከአንድ ገበታ አላበላኋችሁም? መልስልኝ! ነገ እሱን ሲጭኑብኝ አንተ ምን ብለህ ትቆማለህ?"

እንኳን እኔ ጠባቂዎቹም "እሺ" የሚላት መስሏቸው ቀና አሉ።

"እማ ዘሐራ" አለ፣ ራሱ እጇ ውስጥ እንዳለ። "በኔ እጅ አይደለም። ከዚህ ይህን ያህል ሰው አምጣ ተብሏል። እሱን ካወጣሁ በሱ ፋንታ የምጫነው እኔ ነኝ።"

እቴ ዘሐራ በአንድ እጇ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ፣ "እንግዲያው ራስህን ቀጥ አድርገህ ያዝ" አለችው፣ እጇንም ወደኔ ዘረጋች። ክሩን ሰጠኋት። በራሱ ዙሪያ ጠመጠመችው፣ በጥርሷ በጠሰችው።

ፈሪ አልኩት በሆዴ፤ ዛሬም ፈሪ ነው የምለው። ግን እነዚያ ጠባቂዎች ወጥተው ወሬውን ከማዳረሳቸው በፊት ተነሥቶ፣ "ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ፣ እኔ ራሴ አስገባለታለሁ" ማለቱንም አልረሳም።

ቤት ገብተን ሥራ ጀመርን። የባርኔጣ ማጥበብ ቀላል ነው። ውስጡ ዙሪያውን ላብ የሚይዝ የቆዳ መቀነት አለ፤ እሱን ስፌቱን ፈትቶ መገልበጥ፣ ከኋላው የጨርቅ ጥብጣብ አጥፎ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ መቀነቱን መልሶ መስፋት ነው። ጨርቁን ከሰይድ አሮጌ ጋቢ ቀደድን፤ "ሽታውን ያውቀዋል" አለች እናቱ። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ክሩን እያስጠጋች ትለካለች፣ ጠበበ ስትለኝ እፈታለሁ፣ ሰፋ ስትለኝ እጠቀጥቃለሁ። ጋሼ ይማም ከበሩ ሥር ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ሲያጠልቀው ግጥም አለ። ራሱን አነቃነቀ፣ ዘለለ፣ ጎንበስ አለ፤ አልወደቀም። "ልክ ነው" አለ። ብብቱ ሥር አድርጎ ይዞት ሄደ። እቴ ዘሐራ ከወሬው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች።

እኛ ያላወቅነው፣ ሊቀመንበሩም ሲደርስ ያየው ነገር፣ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ፀጉር አስተካካይ መግባቱን ነው። ልጆቹን ሁሉ ልሙጥ አድርገው ላጭተዋቸዋል። የሰይድ ጎፈሬ መሬት ላይ ነበር። እኛ ቀኑን ሙሉ ያጠበብነው ለዚያ ጎፈሬ ነው።

በማግሥቱ ጧት መንገድ ዳር ቆምን። የእናት መዓት ነው። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ስም ትጣራለች፣ አንዷ ዳቦ ይዛለች ለማን እንደምትወረውረው ሳታውቅ። እቴ ዘሐራ በኔና በጋሼ ይማም መሐል ናት። መኪኖቹ ተከታትለው መጡ። በአንደኛው ላይ፣ ከተላጨው ራስ ሁሉ መሐል፣ ነጩ ባርኔጣ ብቅ አለ።

"ያው! ያው ልጄ!" ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ "ያረቢ ጠብቅልኝ! ይሄን የማየውን ልጅ በሰላም መልሰው!" ትላለች። "አየሁት! የሺ፣ አየሁት! ቀጥ ብሏል፣ ወፍሯል እኮ!"

ከባርኔጣው ሥር ያለው ሰይድ አልነበረም። የማናውቀው ፊተ ረጅም የደጋ ልጅ ነው። ሰይድ ከጎኑ ቆሟል፣ ራሱ እንደ ቅል ተላጭቶ፣ እጁን ወደኛ እያወዛወዘ። እናቱ ባርኔጣውን ታያለች፣ እሱ እናቱን ያያል። አፌን ከፈት ሳደርግ ጋሼ ይማም ከጀርባዋ በኩል ክንዴን ጨምቀው ያዙኝ። ሳያቸው እንባቸው ጺማቸው ላይ ደርሷል። ዝም አልኩ። ሰይድ እስኪርቅ ድረስ እኛ ሁለታችን እሱን፣ እሷ ባርኔጣውን ሸኘን።

ከዚያ ወዲህ ላገኘችው ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ነው። "በባርኔጣው አየሁት!" ትላለች፣ በየለቅሶው፣ በየማኅበሩ። እኛም "አዎ፣ አይተሽዋል" እንላለን። ጋሼ ይማም ያለ ባርኔጣ በቆብ ብቻ ሲሄዱ ሰው ከሩቅ አላውቃቸው አለ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ በክራንች የሚሄድ ወጣት እቴ ዘሐራ ደጅ ቆመ። ካሳው ይባላል፣ የአምባሰል ልጅ ነው፣ ከግሸን ማዶ ካለ መንደር። እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ ወደ አገሩ ሲገባ ነው ከአውቶቡስ የወረደው። ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ፊቱን አውቀዋለሁ። ባለ ባርኔጣው ነው።

መርዶውን ይዞት የመጣው እሱ ነው። ሰይድ አጠገቡ ወድቆ፣ እሱው በእጁ አፈር አልብሶታል። ሐዘኑን አልነግራችሁም፤ የልጅ ለቅሶ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያላያችሁም አያሳያችሁ። ካሳው ከኛው ጋር ከርሞ ደረቱን መታ፣ እንግዳ አስተናገደ። ሰው ቀለል ያለ ዕለት እኔ፣ ጋሼ ይማም፣ እሷና እሱ ብቻችንን ተቀምጠን፣ እቴ ዘሐራ ያንኑ ጀመረች።

"እኔስ አላህ ይመስገን፣ ሲሄድ አይቼዋለሁ። በባርኔጣው።"

ካሳው የኛን ገመና ከየት ያውቃል? "እማማ፣ ባርኔጣውንማ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ" አለ። "ተላጭቶ ስለነበር ሰፋበት፤ ዓይኑ ላይ እየወረደ አስቸገረው። ኋላ 'እናቴ የምታየው ባርኔጣውን ነው፣ ነፋስ ከወሰደው ምኑን ታያለች? ያንተ ራስ ይይዘዋል' ብሎ ለኔ አደረገልኝ። እኔን የሚሸኝ ሰው አልነበረኝም፤ እርስዎ እልል ሲሉ ለኔ የሆነ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ማሠልጠኛው በር ላይ ከነልብሳችን ሰበሰቡት።"

ጋሼ ይማም ጉሮሯቸውን እንኳ አልጠረጉም። እኔ እግሬ ሥር ያለውን ምንጣፍ አፍጥጬ አያለሁ። የጸለየችለት ልጅ ተመልሶ ፊቷ ቁጭ ብሏል። አሁን ምን ትላለች? ትጮኻለች? ካሳውን ውጣልኝ ትላለች? እኛን?

"እሱስ የት ነበር?" አለች በቀስታ።

"አጠገቤ። እጁ ትከሻዬ ላይ።"

"አየኝ?"

"አየዎት እንጂ! 'ያቻት እማዬ' ብሎ አሳየኝ። እስክንታጠፍ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።"

ያን ሁሉ ቀን ባርኔጣ ስንፈታና ስንሰፋ፣ እሷ እንዴት እንደምታየው ስንጨነቅ፣ ልጁም እሷን እንደሚያይ ያሰበ አንድ ሰው በመሐላችን አልነበረም። እሷም አላሰበችውም። አሁን ነው የደረሰባት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ወደኛ ዞረች።

"ያን ዕለት ምን ነበር የለበስኩት?" አለች። "ያን ጭስ የጠጣውን፣ ክንዱ የተቀደደውን ቀሚስ እንዳይሆን ብቻ! ለመጨረሻ ጊዜ በሱ ነው ያየኝ?"

እሱን ነበር የለበሰችው። ማን ስለ ቀሚስ አሰበ? ካሳው "ልብ አላልኩም" አለ።

ጋሼ ይማም ቀና አሉ። "ባለ አበባውን ነበር" አሉ። "ወላሂ፣ ባለ አበባውን ነው።"

ባለ አበባው ቀሚስ የተገዛው ሰይድ ከሄደ በኋላ ለዒድ ነው። የገዙላትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እቴ ዘሐራ ወደኔ ዞራ ጠበቀችኝ።

"አዎ፣ ባለ አበባውን ነበር" አልኳት። "በጣም ያምርብሽ ነበር።"